ምልክቱና ውሉ፤ ስለ ክሬዲት ካርድ የክፍያ መረብና ስለ ካርድ አመራረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ በአሜሪካ አገር የምንኖር የሒሳብና የባንክ ባለሙያዎች ከመሥሪያ ቤታችን ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ደጅ፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ብዙ ጥያቄ ይቀርብልናል። ከሚቀርቡልንም ጥያቄዎች አንዱ፣ «ለመሆኑ ቪዛ ይሻላል ወይስ ማስተርካርድ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አብዛኞቻችንም በቀላሉ መልሰን እናልፈዋለን። ነገር ግን ጠያቂው ይህን ሲጠይቅ በልቡ የሚፈልገው፣ «የትኛው ካርድ ብዙ ወለድ አያስከፍለኝም? የትኛውስ አያታልለኝም?» የሚለውን ነው። ለዚህ ደግሞ በካርዱ ፊት የታተመው ምልክት መልስ የለውም።

እንግዲህ ዛሬ ላስረዳ የተነሣሁበት ሐሳብ አንድ ነው። ምልክቱ ካርዱ የት እንደሚሠራ ይነግረናል፤ ምን እንደሚያስከፍል የሚነግረን ግን ከባንኩ ጋር የምንፈርመው ውል ነው። ይህን ልዩነት ለወገኖቻችን በሚገባ ያስረዳን እንደሆነ፣ ከብዙ ዓመት ዕዳ ልናድናቸው እንችላለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

፩. ከዱቤ ደብተር ወደ ፕላስቲክ ካርድ

በአገራችን ዱቤ የምንለው በሁለት ሰዎች መካከል ያለ መተማመን ነው። ባለሱቁ ደንበኛውን ያውቀዋል፤ ቤቱን፣ ሥራውን፣ ደመወዝ የሚቀበልበትንም ቀን ያውቃል። ስለዚህ ስኳሩንና ዘይቱን ሰጥቶ በደብተሩ ይመዘግባል። የዚህ ዓይነቱ ዱቤ ድንበሩ ትውውቅ ነው፤ ሰፈሩን የለቀቀ ሰው ዱቤውንም ይለቃል።

በአሜሪካም ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ ነበር። የልብስ መደብሮችና የነዳጅ ኩባንያዎች ለየራሳቸው ደንበኞች የየራሳቸውን የዱቤ ሰሌዳ ይሰጡ ነበር። በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ድርጅት በኒውዮርክ ሲቋቋም ግን በገዢውና በሻጩ መካከል ሦስተኛ ወገን ገባ። ምግብ ቤቱ እንግዳውን ባያውቀውም ክለቡን ያውቃል፤ ክለቡም ለምግብ ቤቱ ከፍሎ፣ ከእንግዳው በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ይሰበስባል።

በመስከረም ወር 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ላይ ያደረገው ሙከራ ከዚህ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባንኩ ካርዱን ማመልከቻ ላላቀረቡ 60,000 ያህል ሰዎች በፖስታ ላከላቸው። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ዕዳውን በአንድ ጊዜ ሳይከፍል ከወር ወደ ወር እያንከባለለ ወለድ እንዲከፍልበት ፈቀደለት። ዛሬ ክሬዲት ካርድ የምንለው ነገር ጥቅሙም ጉዳቱም የተወለደው ከዚህ ከሁለተኛው ፈቃድ ነው። ያልጠየቁትን ካርድ በፖስታ መላክ በ1970 በሕግ ተከልክሏል፤ ዕዳን ማንከባለል ግን እስከ ዛሬ የሥራው ዋና የገቢ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል።

ባንክ ኦፍ አሜሪካ ካርዱን ከ1966 ጀምሮ ለሌሎች ባንኮች በፈቃድ መስጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሌሎች ባንኮች ተባብረው ኢንተርባንክ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ቡድን በ1970 በዲ ሆክ መሪነት ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ በ1976 ቪዛ ተባለ። የሁለተኛው ቡድን ካርድ ማስተር ቻርጅ ሲባል ቆይቶ በ1979 ማስተርካርድ ተባለ። ሁለቱም ለብዙ ዘመን የባንኮች የጋራ ንብረት ነበሩ፤ ማስተርካርድ በ2006፣ ቪዛ በ2008 አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ሸጠው ነጻ ኩባንያዎች ሆነዋል። ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ሁለቱ ድርጅቶች ሲፈጠሩ ጀምሮ በባንኮች መካከል የተዘረጉ መንገዶች እንጂ አበዳሪዎች አለመሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው።

፪. አንድ መቶ ዶላር የሚሄድበት መንገድ

አንዲት እኅታችን ከአንድ ሱቅ በ100 ዶላር ጫማ ገዛች እንበል። ካርዷን ከመክፈያው መሣሪያ ላይ ስታስጠጋ ጥያቄው ከሱቁ ወደ ሱቁ ባንክ፣ ከዚያም በመረቡ በኩል ካርዱን ወደ ሰጣት ባንክ ይሄዳል። ካርድ ሰጪው ባንክ ሒሳቧን፣ የብድር ጣሪያዋን፣ ግዢው አጠራጣሪ መሆን አለመሆኑን መርምሮ «ይፈቀድ» ወይም «ይከልከል» የሚል መልስ ይመልሳል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰኮንዶች ያልቃል። ነገር ግን እስከዚህ ድረስ አንድ ሳንቲም እንኳ ቦታውን አልለወጠም፤ የተገኘው ፈቃድ ብቻ ነው። የቀኑ ሽያጭ ተጠቃልሎ ሲላክ በባንኮቹ መካከል ሒሳቡ ይጣራል፤ ገንዘቡ የሚተላለፈውም ከዚያ በኋላ ነው።

ሱቁ የሚደርሰው ግን ሙሉ 100 ዶላር አይደለም። ለምሳሌ ያህል 97 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደረሰው እንበል። ከተቀነሰው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ውስጥ ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይሄዳል፤ ይህ ኢንተርቼንጅ የሚባለው ክፍያ ነው። መረቡ ለመንገዱ ጥቂት ይወስዳል፤ የቀረው ለሱቁ ባንክና መሣሪያውን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። የኢንተርቼንጁን መጠን የሚወስነው መረቡ ሲሆን፣ የሚቀበለው ግን ባንኩ መሆኑን ልብ እንበል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ባንኮች «ሽልማት» እያሉ ለደንበኛው የሚመልሱት 1 ወይም 2 በመቶ በአመዛኙ ከነጋዴው ከተቀነሰው ገንዘብና ዕዳቸውን ከሚያንከባልሉ ደንበኞች ወለድ የሚገኝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ነጋዴው ይህን ወጪ ከዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚደምረው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛውም ሰው ድርሻውን የሚሸከም መሆኑ ነው። ከእኛ ወገን የምግብ ቤትና የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ባለቤት የሆኑት ይህን ከእኔ በበለጠ ያውቁታል።

፫. ምልክቱ የሚናገረውና የማይናገረው

በዚህ አገር የሚታወቁት ዋና ዋና ምልክቶች አራት ናቸው። ቪዛና ማስተርካርድ ራሳቸው ለማንም ካርድ አይሰጡም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ባንኮችና የቁጠባ ማኅበራት በእነርሱ መንገድ ይጠቀማሉ። አሜሪካን ኤክስፕረስ የመጀመሪያውን ካርዱን በ1958 ያወጣ ሲሆን፣ መረቡም ባንኩም የራሱ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲርስ በተባለው የመደብር ድርጅት የተጀመረው ዲስከቨርም እንዲሁ መረብና አበዳሪ ሆኖ የኖረ ነው፤ በ2025 ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ ገዝቶታል።

ምልክቱ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ካርዱ ተቀባይነት የሚያገኝበትን ስፍራ ነው። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ኮስትኮ የተባለው ታላቅ መደብር በአሜሪካ መጋዘኖቹ ውስጥ ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ከክሬዲት ካርዶች ቪዛን ብቻ ይቀበላል። ቤተሰቡን ከዚያ የሚቀልብ ሰው በኪሱ አንድ ቪዛ ቢይዝ ይጠቀማል። ከአገር ውጪ የሚጓዝም ሰው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ቢይዝ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ በር ይከፈትለታል።

ከዚህ ውጪ ስለ ወለዱ፣ ስለ ዓመታዊ ክፍያው፣ ስለ ዘገየ ክፍያ ቅጣት፣ ስለ ሽልማቱና ስለ ብድሩ ጣሪያ ምልክቱ አንድም ቃል አይናገርም። አንድ ዓይነት የቪዛ ምልክት ካላቸው ሁለት ካርዶች አንዱ 13 በመቶ፣ ሌላው 29 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ሊያስከፍል ይችላል። ሁለት አውቶቡሶች በአንድ መንገድ መሄዳቸው የቲኬታቸውን ዋጋ እኩል እንደማያደርገው ማለት ነው። ስለሆነም «ቪዛ ይሻላል ወይስ ማስተርካርድ?» ለሚለው ጠያቂ የሚገባው መልስ፣ «ካርዱን የሚሰጥህ ባንክ ማን ነው? ውሉንስ አንብበኸዋል?» የሚል ነው።

፬. የወለዱ ጣሪያ ወዴት ሄደ?

በካርድ ሒሳብ መግለጫ ላይ የባንኩ አድራሻ ብዙ ጊዜ ሳውዝ ዳኮታ ወይም ዴላዌር ሆኖ ለምን እንደሚገኝ የጠየቀ ሰው የዚህን ሥራ ምስጢር ያገኛል። ብዙ ክፍላተ አገር ቀድሞ ለወለድ የጣሪያ ሕግ ነበራቸው። ሚኒሶታ በዚያ ዘመን ለካርድ ዕዳ 12 በመቶ ስትወስን፣ ኔብራስካ እስከ 18 በመቶ ትፈቅድ ነበር። በኔብራስካ የሚገኝ አንድ ብሔራዊ ባንክ ለሚኒሶታ ሰዎች ካርድ ሰጥቶ በኔብራስካ ሕግ ወለድ ቢያስከፍል፣ ነገሩ በክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1978 ብሔራዊ ባንክ የተቋቋመበትን ክፍለ አገር ወለድ ወደ ሌላው ክፍለ አገር ይዞ መሄድ ይችላል ሲል ፈረደ። ከዚህ በኋላ ሳውዝ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክም በ1981 የካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ ወደዚያ አዛወረ። ዴላዌርም በዚያው ዓመት ተከተለች። ስለዚህ አንድ ሰው በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ቢኖርም የሚገዛው በአብዛኛው ባንኩ ባለበት ክፍለ አገር የወለድ ሕግ ነው። በአጭሩ ለአብዛኛው ካርድ ጣሪያ የሚሆነው የደንበኛው የራሱ ጥንቃቄ ነው።

ሕጉ ግን ተበዳሪውን ፈጽሞ አልተወውም። በ1974 የወጣው የብድር እኩልነት ሕግ ባንክ በፆታ ወይም በጋብቻ ሁኔታ ምክንያት ብድር እንዳይከለክል አዘዘ፤ ያገባች ሴት በራሷ ስም ካርድ የማግኘት መብቷ የተረጋገጠው በዚህ ነው። በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ ደግሞ የሒሳብ መግለጫው ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክ፣ የወለድ ጭማሪ 45 ቀን አስቀድሞ እንዲነገር፣ ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የተከፈለው ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ላለው ዕዳ እንዲውል ደንግጓል። በየወሩ መግለጫ ላይ «ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍል ዕዳህ ይህን ያህል ዓመት ይፈጃል» የሚል ሠንጠረዥ እንዲወጣ ያዘዘውም ይኸው ሕግ ነው። ሠንጠረዡን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ እኛ ግን ልናነብላቸው እንችላለን።

፭. ሁለት ዓይነት ከፋዮች

ካርድ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ራሱን ማወቅ አለበት። በየወሩ ሙሉውን ዕዳ የሚከፍል ሰው አለ፤ ከፊሉን ከፍሎ ቀሪውን የሚያንከባልል ሰው አለ። ለእነዚህ ለሁለቱ አንድ ካርድ አይስማማቸውም።

ሙሉውን የሚከፍል ሰው በግዢው ላይ ወለድ አይነካውም፤ በመግለጫው ቀንና በመክፈያው ቀን መካከል ያለው የእፎይታ ጊዜ ነጻ ብድር ይሆንለታል። ወለድ መክፈልን በሃይማኖታቸው የሚጠየፉ ወገኖቻችንም ወለዱን የሚያስወግዱበት መንገድ ይህ ነው። የዚህ ሰው ምርጫ በሽልማቱና በዓመታዊ ክፍያው ላይ ይመሠረታል። ያለ ዓመታዊ ክፍያ 1.5 በመቶ የሚመልስ ካርድና 95 ዶላር አስከፍሎ 2 በመቶ የሚመልስ ካርድ ቢቀርቡለት፣ የልዩነቱ ግማሽ በመቶ 95 ዶላር እስኪሞላ 19,000 ዶላር መግዛት ይኖርበታል። በዓመት ከዚህ በታች የሚያወጣ ሰው ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ካርድ ቢይዝ ይሻለዋል።

የሚያንከባልል ሰው ግን ሽልማቱን ከናካቴው ሊረሳው ይገባል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 3,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ ዓመታዊ ወለድ አለበት እንበል፤ የወሩ ወለድ 60 ዶላር ይሆናል። ባንኩ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍያ የዕዳውን አንድ በመቶና የወሩን ወለድ ቢሆን፣ 30 እና 60 ተደምሮ 90 ዶላር ነው። ሰውዬው 90 ዶላር ከፍሎ ዕዳው የቀነሰው በ30 ዶላር ብቻ ነው። አዲስ ነገር ሳይገዛ እንኳ በየወሩ የተጠየቀውን ዝቅተኛ ብቻ እየከፈለ ቢቀጥል፣ ዕዳው ግማሽ እስኪሆን 5 ዓመት ከ9 ወር ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ ከኪሱ 4,500 ዶላር ያህል ወጥቷል፤ ከዚህም 3,000 ዶላሩ ወለድ ነው። 1,500 ዶላር ዕዳም ገና አለበት።

ይኸው ሰው ወርኀዊ ክፍያውን በ150 ዶላር ቢያጸናው ግን ዕዳው በ26 ወር ያልቃል፤ ጠቅላላ ወለዱም 870 ዶላር ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል መጀመሪያ ላይ ያለው ልዩነት በወር 60 ዶላር ነው። ሽልማቱን ከዚህ ጋር እናስተያየው፤ በዓመት 3,000 ዶላር ገዝቶ 2 በመቶ ቢመለስለት የሚያገኘው 60 ዶላር፣ ከአንድ ወር ወለድ ጋር እኩል ነው። የዓመቱን ሽልማት አንዱ ወር ይበላዋል፤ የቀሩት 11 ወራት ከኪስ ናቸው።

በዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። ዕዳ ያንከባለለ ሰው የእፎይታ ጊዜውን ያጣል፤ አዲስ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። ስለዚህ የሚያንከባልል ሰው የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ወለድ ያለው፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካርድ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ባንኮች ይልቅ በአባላት በተቋቋሙ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ያገኘዋል፤ በፌዴራል መንግሥት የተፈቀደላቸው ማኅበራት የወለድ ጣሪያ ከ1987 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኖ ቆይቷልና።

፮. ታሪክ ለሌለው ሰው

ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሐቀኛ ከፋይ ቢሆንም በዚህ አገር መዝገብ ስሙ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቁቡን አንድ ቀን ሳያጓድል የጣለ፣ ዳኛም ሆኖ የሌላውን ገንዘብ የጠበቀ ሰው፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን መዝገብ ውስጥ እንደ ባዶ ወረቀት ይቆጠራል። ይህ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ መንገዱ ግን አለ።

እንዲህ ላለው ሰው የሚስማማው በመያዣ የሚሰጥ ካርድ ነው። ለምሳሌ 200 ዶላር በባንኩ ያስቀምጣል፤ ያው 200 ዶላር የብድሩ ጣሪያ ይሆናል። በየወሩ ጥቂት ገዝቶ በጊዜው ሙሉውን ቢከፍል፣ ባንኩ ለመዝገብ ድርጅቶቹ ያሳውቅለታል። ሒሳቡ ተስተካክሎ ወደ ተራ ካርድ ሲዛወር ወይም ሲዘጋ መያዣው ይመለስለታል። ሲመርጥ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ዓመታዊ ክፍያ አለው ወይ? ለሦስቱም መዝገቦች ያሳውቃል ወይ? መያዣው መቼ ይመለሳል? አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበትን ካርድ ከዚህ ጋር እንዳያደባልቀው ይጠንቀቅ። እርሱም የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት አለው፤ ነገር ግን ብድር ስላልሆነ ታሪክ አይሠራም። ምልክቱ ሰውን ከሚያሳስትባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው።

፯. ስለ መጥፋትና ስለ ጉዞ

ካርድ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ክሬዲት ካርድና ዴቢት ካርድ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ሌባ በክሬዲት ካርድ ለገዛው ነገር የባለቤቱ ኀላፊነት ከ50 ዶላር አይበልጥም። በዴቢት ካርድ ግን በ1978 በወጣው ሕግ መሠረት መጥፋቱን ካወቀ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከተ 50 ዶላር፣ ከዚያ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር፣ መግለጫው ከተላከለት 60 ቀን ካሳለፈ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለሚወሰደው ሁሉ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። መረቦቹ በራሳቸው ደንብ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ በክሬዲት ካርድ የተያዘው የባንኩ ገንዘብ ሲሆን፣ በዴቢት ካርድ የተያዘው የቤት ኪራያችን ነው።

ወደ አገር ቤት ለሚጓዙም አንድ ቃል ልጨምር። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ። ብዙ ካርዶች ግን ከአገር ውጪ በሚደረግ ግዢ ላይ እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉ፤ ይህን የማያስከፍሉ ካርዶች ስላሉ ከመጓዝ በፊት ውሉን ማየት ነው። በመንገድ ላይም በአንዳንድ አገር መሣሪያው «በዶላር ይክፈሉ ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በአገሩ ገንዘብ መክፈል ይሻላል፤ በዶላር የሚያሰላው ነጋዴ የራሱን የምንዛሪ ትርፍ ይጨምርበታልና። ከኤቲኤም ገንዘብ ለማውጣት ደግሞ በዴቢት ካርድ እንጂ በክሬዲት ካርድ አይሁን። በክሬዲት ካርድ የወጣ ጥሬ ገንዘብ የእፎይታ ጊዜ የለውም፤ ክፍያውም ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል።

ክቡራትና ክቡራን፣

የሙያችን ክብር ትልልቅ ድርጅቶችን በመመርመር ብቻ አይለካም። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ወገናችን «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቀን፣ የመጨረሻውን የሒሳብ መግለጫውን ይዞ እንዲመጣ እንንገረው። ከፊቱም ሦስት ቁጥሮችን በእርሳስ እናክብብለት፤ ዓመታዊውን የወለድ መጠን፣ የወሩን ወለድና ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ቢከፍል ዕዳው የሚፈጅበትን ዓመት። ለዚህ የሚያስፈልገን ሩብ ሰዓት ነው። በየሰፈራችን ዕዳ እያንከባለሉ በዝምታ የሚኖሩ ቤተሰቦች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዕዳ ያለበት ሰው ሒሳቡን ለማሳየት ያፍራልና ጥያቄውን ስለ ምልክቱ አስመስሎ ያቀርበዋል። እኛ ግን ጥያቄውን ወደ ውሉ እንመልሰው።